በተራራ አገር ጉልቤ አጥቂ ጠፋ

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ባለበት ቅዳሜ ላሊበላ ላይ ክርክር አይጠፋም። የአርሰናሉ ቲፎዞ "ኳስ በመሬት ስትሄድ ነው የምታምረው" ይላል። የቼልሲው ደግሞ አንድ ስም ጠርቶ አፍ ያስይዛል፤ ድሮግባ! ግንቦት 2004 ዓ.ም ሙኒክ ላይ ባየርን ዋንጫውን ሊያነሳ ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ በ88ኛው ደቂቃ፣ ማታ ያሻገረውን ኮርና በቴስታ ገጭቶ መረቡን የቀደደውን ሰው ማን ይረሳል? አርሰናሎችም ቢሆኑ ለዓመታት ሲነገራቸው ኖረው በ2017 ክረምት ቪክቶር ዮኬሬስን ከስፖርቲንግ ሊዝበን አስመጥተዋል። ነገሩ ዘግይቶ ገባቸው ማለት ነው።

ጨዋታው አልቆ ወሬው ወደ አገር ቤት ኳስ ሲዞር ግን ሳቁ ይቀንሳል። የላስታ ሰው በጋሸናና በድልብ ቁልቁል ወርዶ የሚደግፈው ትልቅ ክለብ አንድ ብቻ ነው፤ ወልድያ። ወልድያ ደግሞ ሁለት ጊዜ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ወርዷል።

መጀመሪያ የወጣው ከአዳማ ከተማ ጋር ሲሆን በ2007 ዓ.ም ተጫውቶ በዚያው ዓመት ከሙገር ሲሚንቶ ጋር ተመለሰ። በ2009 እንደገና መጣ። ያን ጊዜ እንኳን ባዶ እጁን አልነበረም። በጥር 2009 በሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመው፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም ተመረቀለት። የአዲስ አበባ ክለቦች እንኳ የሚቀኑበት ሜዳ ነው። ያን ዓመት ክለቡ ተረፈ፤ በ2010 ግን ከአርባ ምንጭ ከተማና ከኤሌክትሪክ ጋር ተያይዞ ወረደ። ስታዲየሙ ቆሞ ቀረ፤ ሊጉ ሄደ።

የወረደበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው የሚል ካለ ይዋሻል። በ2010 ከሜዳ ውጭ የነበረው ረብሻም ለክለቡ የሚበጅ አልነበረም። ቢሆንም ወልድያ የወረደባቸውን ሁለት ዓመታት ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው አንድ የሚገርም ነገር አለ። በ2007 የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ የደደቢቱ ናይጄሪያዊ ሳሙኤል ሳኑሚ ነበር። በ2010ም ኮከቡ ናይጄሪያዊ ነው፤ የጅማ አባ ጅፋሩ ኦኪኪ አፎላቢ፣ 23 ጎል። ጅማ አባ ጅፋር ደግሞ ያን ዓመት ገና ወደ ሊጉ መምጣቱ ነበር። አዲስ መጤው ክለብ ጉልበተኛ ዘጠኝ ቁጥር ይዞ ስለመጣ ዋንጫውን ከነጊዮርጊስ አፍ ነጥቆ ወሰደ። በዚያው ዓመት ወልድያ ሻንጣውን ሸክፎ ወጣ። ልዩነቱ ሁሉ አንድ አጥቂ ነው ባይባልም፣ አንድ አጥቂ ምን ያህል እንደሚያራምድ ግን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለመሆኑ ይህ "ጉልቤ አጥቂ" የሚባለው ሥራው ምንድነው? ብዙ ቲፎዞ ጎል ማግባት ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ፣ ተከላካይ ወገቡን እየገፋው ኳሷን ይዞ ጓደኞቹ እስኪደርሱ መቆየት አለበት። ሁለት ተከላካይ በራሱ ላይ አስሮ ለክንፍ ተጫዋቾች ቦታ ይከፍታል። ተከላካዩ ጨንቆት የለጋትን ረጅም ኳስ አየር ላይ ይሻማል። ኮርና ሲመጣበትም ወደ ኋላ ተመልሶ በቴስታ ያወጣል። የፈረንሳዩ ኦሊቪዬ ዢሩ በ2010 የዓለም ዋንጫ ሰባቱንም ጨዋታ ተሰልፎ አንድም ኳስ ጎል ላይ ዒላማ አላስገኘም። ፈረንሳይ ግን ዋንጫውን በላች! አሰልጣኙ ዴሻምፕ ሞኝ ስለሆነ አይደለም ያሰለፈው።

የደጋ አገር ክለብ ደግሞ ይህ ሰው ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,200 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ በሆነበት ቦታ የተለጋች ኳስ ፈጥና ሩቅ ትሄዳለች። ቆላ ላይ እግር ስር የምትወድቀው ረጅም ኳስ ደጋ ላይ አጥቂውን አልፋ ለበረኛው ሲሳይ ትሆናለች። ስለዚህ ከኋላ የሚሮጥላት ቀጭን አጥቂ ብቻ አይበቃም፤ ቆሞ በደረቱ የሚያበርዳት ያስፈልጋል።

ታዲያ በላስታ እንዲህ ያለ ልጅ ለምን አይወጣም? ዳገት የሚወጣ እግር፣ የማይደክም ሳንባ ሞልቷል። ገና በመጣ ቁጥርም የአገሩ ጎረምሳ ዱላ ይዞ እሩሯን እየተከተለ ሲጋጭ ያደገ ነው፤ መጋጨት አይፈራም። ችግሩ ያለው ኳሷና ሜዳው ላይ ነው።

የገጠር ልጅ የሚያድገው በጨርቅ ኳስ ነው። የጨርቅ ኳስ አትነጥርም፣ ከመስመር አትሻገርም። ስለዚህ ልጁ አስራ አምስት ዓመት እስኪሞላው የተሻገረ ኳስ መምቻ ጊዜውን ጠብቆ ዘሎ አያውቅም። ሜዳው ደግሞ ኮረትና ድንጋይ ነው። ድንጋይ ላይ ለቴስታ ዘሎ መውደቅ ማለት ክንድ መሰበር ማለት ስለሆነ ብልህ ልጅ አይዘልም፤ በእግሩ ያታልላል። ተመልካቹም የሚያጨበጭበው ለአብዶ ነው። ሁለት ሰው ላይ አብዶ የሠራ ልጅ ስሙ ሰፈሩን ሲሞላ፣ ኳስ ይዞ ለጓደኛው ያቆየ ልጅ ግን "ገገማ" ይባላል። ረጅም የሆነውን ደግሞ አሰልጣኙ ወስዶ መሐል ተከላካይ ያደርገዋል። በቃ፣ አጥቂው በዚያው ጠፋ!

ይህ የላስታ በሽታ ብቻ አይደለም፤ ብሔራዊ ቡድኑም ታሞበታል። ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ በኃይሉ አሰፋ ናይጄሪያ ላይ ጎል ሲያስቆጥር አገር ምድሩ ብራዚል የደረሰ መስሎት ነበር። ደስታውን የገደለው ኢማኑኤል ኢመኒኬ የሚባል ጡንቸኛ ነው፤ አንዷን አገባ፣ በመጨረሻው ደቂቃ ደግሞ ፔናሊቲውን መትቶ 2ለ1 አደረገው። በጥር 2014 ካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫም ውበቱ አባተ በአጭር ቅብብል የሚጫወት የሚያምር ቡድን ይዞ ሄደ። ኬፕ ቨርድ ግን ጁሊዮ ታቫሬስ በቴስታ ባስቆጠራት አንድ ጎል አሸነፈች። ባለሜዳዋ ካሜሩን ላይ ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ ቀድሞ አገባ፤ ከዚያ እነ ቪንሰንት አቡበከር ሁለት፣ ቶኮ ኤካምቢ ሁለት ጨምረው 4ለ1 አለቀ። ዋልያዎቹ በሦስት ጨዋታ ያገቡት ሁለት ጎል ነው፤ አንዱም የጌታነህ ከበደ ፔናሊቲ ነው።

"አቡበከር ናስርስ?" የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ ቡናው ልጅ በ2013 ዓ.ም 29 ጎል ሲያገባ ግዙፍ ስለሆነ አይደለም፤ ፍጥነትና ብልሃት ስላለው ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ለመሄድ የበቃው በዚያው ችሎታ ነው። ሆኖም እንደ አቡበከር ያለ ልጅ ተፈልጎ አይገኝም፤ ሲመጣ ይመጣል። አንድ የክፍለ ሀገር ክለብ ዕቅዱን በዕድል ላይ ሊሠራ አይችልም። ኳስ ይዞ የሚቆይ አጥቂ ግን የሚሠለጥን ነው። ቁመት ከእግዚአብሔር ቢሆንም የመዝለያ ጊዜን ማወቅ፣ ትከሻን መጠቀም፣ ኳስን በሰውነት መሸፈን በልምምድ ይመጣል።

ወልድያና አካባቢው ከ2013 ክረምት እስከ 2014 ታኅሣሥ በጦርነት ውስጥ ሲያልፉ ስለ አጥቂ ማውራት ቅንጦት ነበር። ላሊበላም የዚያው ዕጣ ተካፋይ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ የመጣውም ጊዜ ቀላል አልነበረም። ሆኖም ኳስ በችግር ጊዜም ትንከባለላለች፤ ልጆቹ እዚያው ድንጋይ ላይ እየተጫወቱ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ናይጄሪያዊ አጥቂ በውድ ደመወዝ ለአንድ ዓመት ከማምጣት ይልቅ በላስታ፣ በቡግና፣ በመቄት፣ በዋድላና በግዳን ላሉ ትምህርት ቤቶች እውነተኛ ኳስ ማደል፣ ከየሜዳው ጎል አካባቢ ድንጋዩን ለቅሞ ሣር ማልበስ ይቻላል። ሰልጣኝ መራጩም ለአብዶ ብቻ አያጨብጭብ፤ ያንን "ገገማ" የተባለውን ረጅም ልጅ ጠርቶ ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ እንዲቆም ያስተምረው። ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም የተሠራላት ከተማ የሚጎድላት ወንበር አይደለም፤ ሜዳው ውስጥ ቆሞ ኳስ የሚይዝ አንድ ሰው ነው።