የጉዛራ ግንብና ኖራው

ከወረታ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ርብን ተሻግሮ አዲስ ዘመንን ካለፈ በኋላ፣ ከእንፍራንዝ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ቆሟል። ሕንፃው አራት ማዕዘን፣ ባለ ፎቅና በማዕዘኖቹ ላይ ክብ ማማዎች ያሉት ሲሆን፣ ክረምት በገባ ቁጥር ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁትን የፎገራን ሜዳና ከዚያ ወዲያ ያለውን ጣናን ቁልቁል ያያል። በተለምዶ ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. የነገሡት የዓፄ ሠርፀ ድንግል ሥራ ነው ይባላል፤ ይህ ከሆነ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የተሠራ ነው፤ ይሁንና አብዛኛው ጎብኚ ወደ ፋሲል ግቢ ሲጣደፍ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ያልፋል።

የጉዛራ ዋናው ጉዳይ ግን ከማማው ይልቅ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ኖራ ነው። ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በምድጃ ውስጥ በብርቱ እሳት ሲቃጠል ሲሆን፣ የተቃጠለው ድንጋይ በውሃ ይበርዳል፤ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶም በድንጋዮች መካከል ይገባል፤ ከዚያም ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ ዝናብ ሲያጥበው ይፈርሳል፤ በኖራ የተያያዘው ግን ውሃውን በትነት እያስወጣ ዘመናትን ይሻገራል።

ግንቡን ማን አሠራው የሚለው ክርክርም ከዚሁ ኖራ ይነሣል። ኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜዳ የኖራ ድንጋይ በአገሩ የታወቀው በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1621 እ.ኤ.አ.፣ ከሕንድ በመጣ ሰው አማካይነት መሆኑን ጽፏል። ይህ ቃል በጥሬው ከተወሰደ፣ በኖራ የተገነባው ጉዛራ የሠርፀ ድንግል ሊሆን አይችልም፤ የትውፊቱ ነገር ትክክል ከሆነ ደግሞ አልሜዳ ከእርሱ ወገን በፊት የተሠራውን አላወቀም ማለት ነው። በዚህ መሐል «ፖርቹጋሎች የሠሩት ነው» የሚለው ስንፍና የወለደው መልስ እስካሁን ይደጋገማል። በ1541 እ.ኤ.አ. ከፖርቹጋላዊው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር የመጡት በአብዛኛው ወታደሮች ነበሩ፤ ዓፄ ፋሲልም የጎንደርን ግንብ ያሠሩት ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ ነው፤ በግንበኝነትና በአናጢነትም የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ስም ይነሣል።

ክርክሩን ለመፍታት ሊረዳ የሚችለው ራሱ ኖራው ነው፤ ሲቃጠል ከምድጃው ወደ ኖራው ገብተው የቀሩ የከሰል ቅንጣቶች በራዲዮ ካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው ሊታወቅ ይችላልና። ስለዚህ አሮጌ ግንብ ሲጠገን ኖራውን ፈልፍሎ በሲሚንቶ የሚተካ ሰው ሁለት ጥፋት ያጠፋል፤ እርጥበት የማያሳልፈው ሲሚንቶ ውሃውን በግድግዳው ውስጥ ቆልፎ ድንጋዩን ያበላሻል፤ የተፈለፈለው ኖራም ማስረጃውን ይዞ ከፍርስራሽ ጋር ይጣላል። በልስኑ ላይ ስሙን የሚጭረው ጎብኚ ከዚህ ጥፋተኛ ብዙም አይርቅም።