ተጨማሪ መረጃ፦ በራሱ የሚበርድ የኑክሌር ማብላያ

የኑክሌር ማብላያ (ሬአክተር) ቢጠፋም ነዳጁ ወዲያው እንደማይበርድ ታውቃላችሁ? በውስጡ የተፈጠሩት ራዲዮአክቲቭ አተሞች መበስበሳቸውን ስለሚቀጥሉ ሙቀት ይሰጣሉ፤ ይህም የመበስበስ ሙቀት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን ፉኩሺማ፣ የማቀዝቀዣ ፓምፖች ኃይል ሲያጡ ነዳጁን ያቀለጠው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 በቻይና ሻንዶንግ ግዛት መደበኛ ሥራ የጀመረው የሺዳኦ ቤይ ማብላያ ግን የተለየ ነው። ነዳጁ የሆነው ዩራኒየም ዲያሜትራቸው 6 ሴንቲ ሜትር በሆነ የግራፋይት ኳሶች ውስጥ ታሽጓል፤ ሙቀቱን የሚያጓጉዘው ደግሞ ሂሊየም ጋዝ ነው። መሐንዲሶች ኃይሉን ሆን ብለው አቋርጠው ሲፈትሹት ያለ ፓምፕ በራሱ በረደ። ይህ ትልቅ ስኬት ነው! አንዱ ምክንያት የማብላያው አነስተኛነት ነው።

ሞክሩት፦ በትልቅና በትንሽ ብርጭቆ እኩል የሞቀ ውኃ ሙሉ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ በቴርሞሜትር ለኩ። የቱ ይበልጥ በረደ? ለምን?