ለባሕር ሥር ፎቶግራፍ ሰፊ ሌንስ ስለ መምረጥ

ከባሕር ርቆ በጁባ ከተማ፣ አማራት በሚባለው ሠፈር ለሚኖር ሰው፣ የባሕር ሥር ፎቶግራፍ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ሊመስለው ይችላል። ደቡብ ሱዳን የባሕር በር የላትም፤ በከተማይቱ አጠገብ የሚያልፈውም ነጭ ዓባይ በዝናም ወራት ደለል ተሸክሞ ስለሚወርድ፣ ጠላቂ ቢገባበት የዘረጋውን የገዛ እጁን ለማየት ይቸግረዋል። ሆኖም ከዚሁ ወንዝ የተቀዳ ውኃ ለዚህ ጥበብ የመጀመሪያውን ትምህርት ይሰጣል። ውኃው በብርጭቆ ተቀድቶ ወደ ብርሃን ቢያዝ፣ ማዶው ደብዝዞም ቢሆን ይታያል፤ በባልዲ የተቀዳ እንደ ሆነ ግን የባልዲው ወለል አይታይም። ውኃው አንድ ነው፤ የተለየው በዓይንና በሚታየው ነገር መካከል ያለው የውኃው ውፍረት ብቻ ነው።

ለባሕር ሥር ፎቶግራፍ ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ የሚመረጥበት ምክንያትም ከዚሁ የመነጨ ነው። በየብስ ላይ ሰፊ ሌንስ የሚፈለገው ብዙ ነገር በአንድ ሥዕል ለመሰብሰብ ነው፤ ተራራውን ከነሸለቆው፣ አደባባዩን ከነሕዝቡ። በባሕር ሥር ግን ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ይኸውም ፎቶግራፍ አንሺውን ወደሚያነሣው ነገር ማቅረብና በመካከል ያለውን ውኃ መቀነስ ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ሻርክ በጎኑ ቢያልፍ፣ 36 በ24 ሚሊሜትር ሥዕል በሚያነሣ ካሜራ ላይ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በጠፍጣፋ መስተዋት ጀርባ የያዘ ጠላቂ፣ የዓሣውን መላ አካል ለማስገባት ወደ 6 ሜትር ገደማ መራቅ አለበት። 20 ሚሊሜትር ሌንስ በተገቢው መስተዋት የያዘ ግን 1 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር ላይ ሆኖ ያነሣዋል።

ይህ ልዩነት የቀለም ልዩነትም ነው። ውኃ ከብርሃን ቀለማት መካከል አስቀድሞ ቀዩን ይውጣል፤ ብርሃኑ ከ5 እስከ 10 ሜትር ያህል በውኃ ውስጥ ሲጓዝ አብዛኛው ቀይ ቀለም ይጠፋል። የፍላሽ ብርሃን ሄዶ የሚመለስ ስለ ሆነ፣ 6 ሜትር የራቀው ሰው ብርሃኑን 12 ሜትር ውኃ ያሻግረዋል፤ የቀረበው ግን 3 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ከዚህም የተነሣ የሩቁ ሥዕል ሰማያዊና ጭጋጋም ሆኖ ሲቀር፣ የቅርቡ የመርጃኑን ቀይና ብርቱካን መልክ ይዞ ይወጣል።

ይህን ችግር ከታገሉት ሰዎች ብዙዎቹ የታገሉት በቀይ ባሕር ነው። ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 በፖርት ሱዳን ጠልቆ ያነሣው ፊልም በ1951 በቬኒስ ተሸለመ። በ1952 ዓመተ ምሕረት፣ እንዲሁ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኤርትራ በመስከረም ወር ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት ዓመት፣ በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራ የጣሊያን ጠላቂዎች ጓድ ወደ ዳህላክ ደሴቶች ተጓዘ። ከጓዱ አንዱ ፎልኮ ኩዊሊቺ የ22 ዓመት ወጣት ነበረ፤ እርሱ በዚያ ያነሣው በቀለም የተሠራ ረጅም ፊልም «ስድስተኛው አህጉር» ተብሎ በ1954 ለሕዝብ ታየ። ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶም በ1963 ከፖርት ሱዳን ብዙ በማይርቀው በሻዕብ ሩሚ፣ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ተክሎ ነበር።

የእነዚህ ሰዎች መሣሪያ ግን ጠባብ ነበረ። ሐስ ሮላይማሪን የተባለ ውኃ የማያስገባ ሣጥን ለሮላይፍሌክስ ካሜራ እንዲሠራ አድርጓል፤ የካሜራው ሌንስ 75 ሚሊሜትር ሆኖ በ6 በ6 ሳንቲሜትር ፊልም ላይ በየብስ 41 ዲግሪ ያህል ያያል። ይህ ዓይነቱ ሌንስ በጠፍጣፋ መስተዋት በኩል ወደ ውኃ ሲመለከት ግን ዕይታው ወደ 30 ዲግሪ ይጠብባል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲሻገር ይሰበራል፣ ስለዚህም የሚታየው ነገር በሲሶ ያህል የገዘፈ ይመስላል። በዚሁ ሕግ መሠረት፣ በየብስ 94 ዲግሪ የሚያየው 20 ሚሊሜትር ሌንስ በጠፍጣፋ መስተዋት ጀርባ 67 ዲግሪ ብቻ ያያል። ብዙ ገንዘብ የተከፈለበት ስፋት በአንድ መስተዋት ምክንያት ይባክናል ማለት ነው።

መድኃኒቱ እንደ ጉልላት የጐበጠ መስተዋት ነው። ሌንሱ በጉልላቱ መካከል በትክክል ሲቀመጥ፣ ብርሃኑ መስተዋቱን ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍ አይሰበርም፤ 94 ዲግሪውም ይመለሳል። ጉልላት ግን የራሱ ጠባይ አለው። ባሕሩን ሁሉ አቅርቦ ከፊቱ ያስቀምጠዋል። ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 10 ሳንቲሜትር በሆነ ጉልላት፣ እጅግ ሩቅ ያለው ነገር ከመስተዋቱ 30 ሳንቲሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ለሌንሱ ይታየዋል፤ 1 ሜትር ላይ ያለው ደግሞ 21 ሳንቲሜትር ላይ። ስለዚህ በጣም ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ማየት የማይችል ሌንስ፣ በየብስ የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን፣ በጉልላት ጀርባ ዕውር ነው። ሌንስ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ቍጥር፣ ሌንሱ አጥርቶ የሚያየው ከስንት ሳንቲሜትር ጀምሮ እንደ ሆነ ነው።

ዙም ሌንስ፣ ማለት ማዕዘኑን እንደ ፈቃድ ለማስፋትና ለማጥበብ የሚቻለው ሌንስ፣ በባሕር ሥር ከየብስ ይልቅ ይጠቅማል፤ ሣጥኑ አንዴ ከተዘጋ በኋላ ሌንስ መለወጥ አይቻልምና። ኒኮን በ1992 ባወጣው ኒኮኖስ አር ኤስ በተባለው ካሜራ ላይ፣ ፊቱ በቀጥታ ውኃውን የሚነካ ከ20 እስከ 35 ሚሊሜትር የሆነ ዙም ሌንስ ሠርቶ ነበር። የዚያ ካሜራ ሥራ ቀርቷል፤ ዛሬ አብዛኛው ጠላቂ የየብስ ካሜራና ሌንስ በሣጥን ውስጥ አስገብቶ ይጠቀማል። ከሰፊዎቹ ዙሞችም ምርጫው በሁለት ወገን ይከፈላል።

አንደኛው ወገን ቀጥታ መስመርን ቀጥ አድርጎ የሚያሳየው፣ ለምሳሌ ከ16 እስከ 35 ሚሊሜትር የሆነው ነው። ሰኔ 1940 ጣሊያን ወደ ጦርነት ስትገባ በፖርት ሱዳን አጠገብ በገዛ መርከበኞቿ የሰጠመችውን፣ ቦምብ የጫነችውን «ኡምብሪያ» የምትባል መርከብ ለማንሣት የሚሄድ ሰው፣ ምሰሶዋና ደረጃዋ ቀጥ ብሎ እንዲታይለት ይህን ይመርጣል። ቀረብ ለማለት የማትፈቅድ ሻርክ ስትመጣም ማዕዘኑን ያጠብባል። ነገር ግን ይህ ሌንስ ትልቅ ጉልላት ይፈልጋል፤ ጉልላቱ የሚፈጥረው ምስል የጐበጠ ስለ ሆነ፣ በትንሽ ጉልላት የሥዕሉ ማዕዘናት ይደበዝዛሉ። የብርሃን መግቢያውን ወደ 8 ወይም 11 ቍጥር ማጥበብ ጉድለቱን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም።

ሁለተኛው ወገን የዓሣ ዓይን የሚባለው ነው። ካኖን የሠራው ከ8 እስከ 15 ሚሊሜትር፣ ቶኪና ለአነስተኛ ሰሌዳ ካሜራዎች የሠራው ከ10 እስከ 17 ሚሊሜትር ከዚህ ወገን ናቸው፤ እስከ 180 ዲግሪ ያያሉ። ቀጥታ መስመርን ያጐብጣሉ፤ መርጃንና ዓሣ ግን ቀጥታ መስመር ስለሌላቸው ጉድለቱ አይታወቅባቸውም። ትንሽ ጉልላት ይበቃቸዋል፤ መስተዋቱን ሊነካ የደረሰውን ነገር ሳይቀር አጥርተው ያያሉ። የዳህላክን ዓይነት መርጃን ለማንሣት፣ ይልቁንም ውኃው ባልጠራበት ቀን፣ ከሁለቱ የሚሻለው ይኸኛው ነው። የሚያስከፍለው ዋጋም አለ፤ ከጎን የሚደረደሩት ፍላሾች፣ የጠላቂው ክንፍ ጫማና የገዛ ጥላው ሳይቀር ወደ ሥዕሉ ሊገቡ ይችላሉ።

ገንዘቡ ለአንድ ምርጫ ብቻ የሚበቃ ሰው፣ የብዙዎችም ኑሮ እንዲህ ነውና፣ ሌንሱን ለብቻው መግዛት የለበትም። ሣጥኑ፣ ጉልላቱ፣ ሌንሱን በጉልላቱ መካከል የሚያስቀምጠው ቀለበትና ዙሙን ከውጭ የሚያዞረው ጥርስ አንድ ላይ ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ከሌንሱ ይበልጣል፤ ለአንዱ ሌንስ የተለካውም ለሌላው ላይሆን ይችላል። ከዕቃ ቤት ርቆ ለሚኖር ገዢ ይህ ስሕተት በቀላሉ የሚታረም አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ ሣጥኑ የሚቀበላቸውን ሌንሶች ዝርዝር መመርመር፣ ከዚያ ሌንሱን መምረጥ ይገባል። ዕቃው ሲደርስም ሣጥኑን ካሜራ ሳይገባበት በውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ውስጡ ደረቅ ሆኖ መውጣቱን ማረጋገጥ የብልህ ሰው ሥራ ነው።

ዙም ያለው ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ፈተና አለ። ጠባቡ ጫፍ ሰውን ከሩቅ ሆኖ እንዲያነሣ ያባብለዋል፤ ያን ጊዜ ውኃው መካከል ይገባና ሰፊው ሌንስ የተገዛበት ምክንያት ይቀራል። ዙም ለማይቀርብ ፍጥረት ነው እንጂ ለመቅረብ ለሰነፈ ጠላቂ አይደለም። መቅረብም ቢሆን በጥንቃቄ ነው። ግዙፉ መርጃን ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ስለማያድግ፣ በአንድ ክንፍ ጫማ ምት የሚሰበረው የብዙ ዘመን ሥራ ነው። በውኃ ውስጥ አካሉን ጸጥ አድርጎ መያዝ ያልተማረ ሰው፣ ገንዘቡን ከሌንስ በፊት ለጠላቂነት ትምህርት ቢያወጣው ይሻለዋል።

የዳህላክ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሉል ለማውጣት በአንድ እስትንፋስ ወደዚያ ባሕር ሲጠልቁ ኖረዋል። የባሕሩን ሥር ከማንም አስቀድመው ያዩት እነርሱ ናቸው፤ ነገር ግን ያዩትን በቃል እንጂ በሥዕል አላስቀሩትም። ስለ ዳህላክ ባሕር ሥር ሌላው ዓለም በዓይኑ ያየው፣ ከሩቅ የመጡ ሰዎች ይዘውት ከመጡት ሌንስ ነው። ዛሬ በምጽዋም ሆነ በፖርት ሱዳን፣ ወይም ከወንዝ ዳር በአማራት ተቀምጦ ለአንድ ሌንስ ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው፣ የሚገዛው መስተዋት ብቻ አለመሆኑን ቢያስተውል መልካም ነው፤ የአካባቢውን ባሕር በአካባቢው ሰው ዓይን ለማሳየት የሚያስችለውን ቅርበት ይገዛልና።