ገበሬ ስላላረሰ ይከፈለዋል?

ከቶሮንቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ቢነዱ በኢሪ ሐይቅ ዳርቻ የሚገኘው ኖርፎክ አውራጃ ይደርሳሉ። ትንባሆ ሲበቅልበት የኖረ አሸዋማ አገር ነው። እዚያ ከእርሻው ጥቂቱን ሳያርስ ለሚተው ገበሬ በየዓመቱ በኤከር ተሰልቶ ገንዘብ ይከፈለዋል!

ነገሩ ስንፍናን መሸለም አይደለም። «አለስ» የሚባለው ይህ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2006 ማኒቶባ ውስጥ ተሞክሮ በኋላ ወደ ኖርፎክ የመጣ ነው። ገበሬው ምርት የማይሰጠውን ቁራሽ መሬት ለይቶ የአገሩን ሣርና ዛፍ ይተክልበታል፤ የደረቀውን ረግረግ ይመልሳል፤ የወንዙን ዳር ከማረሻ ያርቃል። አፈሩ ታጥቦ ወንዝ እንዳይገባ ከተደረገ የሚጠቀመው ታች ያለው ውሃ ጠጪም ጭምር ነው። ታዲያ ወጪውን ገበሬው ብቻ ለምን ይሸከም?

ወደ አገራችን እንምጣ። በደርግ ዘመን በወሎና በሌሎች ድርቅ ባጠቃቸው ክፍላተ ሀገር «ምግብ ለሥራ» በሚል እርከን የሠራ ገበሬ ለአንድ ቀን ድካሙ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይሰፈርለት ነበር። ተራራ ሙሉ እርከን ተሠራ፤ ደን ተተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ብዙው ደን ተጨፈጨፈ፤ ብዙው እርከን ፈረሰ። ለምን? ክፍያው ለመሥራት እንጂ ለመጠበቅ አልነበረማ! መሬቱ ከየካቲት 1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ ዛፉንም ገበሬው የራሱ አላለውም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የራበው ደግሞ ዳገቱን ያርሳል።

እኔም አገር ቤት በጋዜጠኝነት ስሠራ እጃችን የሚገባው መግለጫ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደተሠራ ይነግረን ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ስንቱ እንደቆመ የሚነግረን አልነበረም።

የተሻለ ምሳሌም አለን። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በወርልድ ቪዥንና በዓለም ባንክ ድጋፍ ለገበሬዎች ማኅበራት የመጠቀም መብት ተሰጥቶበት ተከለለ። ጉቶው አቆጠቆጠ፤ ገበሬው ሣሩን እያጨደ ለከብቱ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሮጀክቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመዘገበና ደኑ ከሚይዘው ካርቦን ሽያጭ ለማኅበራቱ ገንዘብ መጣ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ የሚጠብቀውስ ማን ነው? እዚህ ቶሮንቶ ለትውልድ ቀያችን ችግኝ ገንዘብ አዋጡ ስንባል እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ዛፉ የማን ነው? ለጠባቂው በየዓመቱ ምን ይደርሰዋል? እስኪያድግ ድረስስ ከብቱ ምን ይበላል? መልስ ከተገኘ፣ ለተከላው ብቻ ሳይሆን ለአሥር ዓመት ጥበቃውም እናዋጣ።