የፋሲል ግቢ፦ በግንቦቹ መካከል ያለው ሜዳ



ስለ ጎንደር ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ግንቡን ማን ሠራው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ሲቆም ግን ዓይናችንን ግድግዳው ላይ ያስቀረዋል። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ አንድ ነው፤ የፋሲል ግቢን በሚገባ ለመረዳት ከሕንፃዎቹ ጋር በመካከላቸው ያለውን ክፍት ሜዳም ማንበብ ይኖርብናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት ከሰፈር ወደ ሰፈር በመዘዋወር ነው። የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ ዙሪያው ይከለላል፤ መኳንንቱም በግራና በቀኝ እንደየማዕረጋቸው ይሰፍራሉ። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ ቀድሞ የሚያመለክተው ይህንኑ የጦር ሰፈር ነበር። ዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667) ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጉ ድንኳኑ በድንጋይ ተተካ፤ የሰፈሩ ሥርዓት ግን አልፈረሰም።

ለዚህ ምስክሮቹ በሮቹ ናቸው። ወደ 900 ሜትር የሚረዝመው የግቢው አጥር 12 በሮች አሉት። ወንበር በር የዳኞች፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞች አለቃ፣ እንቢልታ በር የሙዚቀኞች ነው፤ በተዝካሮ በር የሙታን መታሰቢያ ይታሰብ ነበር፤ እልፍኝ በር ወደ ንጉሡ የግል ማረፊያ ያደርሳል። ፊት በር የሚከፈተው ዐዋጅ ይነገርበት ወደነበረው ወደ ጃን ተከል አደባባይ ነው። እነዚህን ስሞች ያነበበ ሰው ማን፣ በየት በኩል፣ ለምን ጉዳይ ይገባ እንደነበረ ያውቃል። አጥሩ ከመከላከያነቱ ባሻገር የመንግሥቱ አደረጃጀት ካርታ ነው።

ሁለተኛው ምስክር የሕንፃዎቹ አቀማመጥ ነው። የፋሲለደስ ግንብ በጥቁር ድንጋይና በኖራ የተገነባ፣ በአራት ማዕዘኖቹ ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች የቆሙለት ነው። ተተኪዎቹ ይህን አፍርሰው በቦታው አልሠሩም። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የራሳቸውን ግንብ፣ ዐፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሹን፣ ዐፄ በካፋ የግብር አዳራሹን፣ እቴጌ ምንትዋብም ግንባቸውን በዚያው አጥር ውስጥ፣ በአብዛኛው ወደ ሰሜን እየገፉ፣ ጨመሩ። ስለዚህ ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው ሜዳውን አቋርጦ የሚሄድ ሰው ከ100 ዓመት በላይ የሆነ የትውልድ ሐረግ በእግሩ ይከተላል። አዲሱ ንጉሥ ሥልጣኑን የሚያሳየው ከአባቶቹ ጎን በመቆም ነበር።

ይህ አነባበብ ለጥበቃ ሥራም ትርጉም አለው። ግቢው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከተማዋ ስትቃጠል፣ በ1888 በደርቡሾች ወረራ፣ በ1941ም በእንግሊዞች የአየር ድብደባ ተጎድቷል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጥገና የገባው ሲሚንቶም ከኖራው ጋር አልተስማማም፤ ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ግን አምቆ ድንጋዩን ይጎዳል። ዩኔስኮ በ1979 ሥፍራውን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። የተመዘገበው ግን የግንቦች ድምር ብቻ ሊመስለን አይገባም።

ግድግዳ ቢሰነጠቅ ሁላችንም እናያለን። በሜዳው ላይ አዲስ መንገድ ቢነጠፍ፣ ወይም አንድ በር ታሽጎ ስሙ ቢረሳ ግን ጉዳቱን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ውድ ተማሪዎች፣ ግቢውን ስታጠኑ የግንቡን ቁመት ከለካችሁ በኋላ ከግንብ እስከ ግንብ፣ ከበር እስከ በር ያለውንም ርቀት ለኩ። የመንግሥቱ ሥርዓት የተጻፈው እዚያም ላይ ነውና።