ለአካል ጉዳተኛ ልጃችን የተናጠል የትምህርት ዕቅድ እንዴት ይዘጋጅ?

መምህር በነበርንበት ጊዜ በዓመቱ መጀመሪያ ከምንሞላቸው ቅጾች አንዱ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የተናጠል የትምህርት ዕቅድ ነበር። ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ሲባል በአንድ ሌሊት ይጻፋል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ፋይል ውስጥ ይገባል። ወላጅ አያየውም። ያኔ እንደ ጥፋት አልቆጠርነውም። ዛሬ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ያሉ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ሲያማክሩን ግን ከሁሉ አስቀድመን የምንነግራቸው ይህንን ነው፦ የዕቅዱ አንድ ቅጂ እናንተ ቤት ይኑር።

ዕቅዱ ምንድን ነው?

የተናጠል የትምህርት ዕቅድ ለአንድ ተማሪ ብቻ የሚዘጋጅ አጭር ሰነድ ነው። አራት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ ልጁ አሁን ምን ይችላል? በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ላይ ይደርሳል? ማን፣ በምን ያግዘዋል? መድረሱንስ በምን እናውቃለን?

አሠራሩ በሕግ የተደነገገው በአሜሪካ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1975 ነበር። አገራችን ደግሞ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ለተማሪው እንደ ፍላጎቱ ድጋፍ እንዲደረግለት ያዛል። ስለዚህ ወላጅ ዕቅድ ይዘጋጅልኝ ብሎ ሲጠይቅ መብቱን መጠየቁ ነው።

በምሳሌ እንየው

አንዲት የ3ኛ ክፍል ተማሪ ዓይኗ አጥርቶ አያይም እንበል። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ግብ «የንባብ ችሎታዋ እንዲሻሻል ይደረጋል» የሚል ነው። ይህ ግብ አይለካም፤ ማን እንደሚሠራውም አይታወቅም።

መጀመሪያ የምትችለውን እንጻፍ። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ አይታያትም፤ መጽሐፉን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ግን ታነባለች። የምትሳሳተው በትንሽ ጭረት በሚለያዩ ፊደላት ነው፤ «ቡ»ን እና «ቢ»ን ታምታታለች። በቃል የተነገራትን ሒሳብ ትሠራለች። ይህን ለማወቅ ሁለት ሦስት ቀን አጠገቧ ተቀምጦ ማየትና እናቷን መጠየቅ ይበቃል።

ቀጥሎ ግቡ፦ «እስከ ጥር መጨረሻ በትልቁ ከተጻፉ 20 ቃላት ቢያንስ 16ቱን ሳትሳሳት ታነባለች።» ድጋፉም በስም ይጻፍ። የክፍል ኃላፊዋ ፊት ወንበር ላይ፣ የመስኮቱ ብርሃን ዓይኗን በማይወጋበት በኩል ያስቀምጣታል፤ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። ታላቅ እህቷ ማታ ማታ በወፍራም ጥቁር ማርከር አሥር ቃላት ትጽፍላታለች። በፈተና ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣታል። በየወሩ መጨረሻ መምህሩና ወላጅ ተገናኝተው ያያሉ፤ ያልሠራው ይቀየራል።

ከዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቀው ማርከሩና ወረቀቱ ነው። ብሬል ወይም የምልክት ቋንቋ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ግን ይህ አይበቃም፤ የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያሉባት ከተማ በመሆኗ፣ ትምህርት ቤቶቻችን የምክር ጥያቄያቸውን ወደዚያ ቢያደርሱ መልካም ነው።

ከታሪካችን

ዓብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ.) ዓይነ ስውር ነበሩ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሙአዚኖቻቸው አንዱ አድርገዋቸው ነበር። የፈጅርን መግባት በዓይናቸው ማየት ስለማይችሉ ሰዎች «ነጋ» ሲሏቸው አዛን ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ኃላፊነቱ አልቀረባቸውም፤ የጎደለውን ሌላ ሰው ሞላላቸው። የተናጠል ዕቅድም ሐሳቡ ይኸው ነው፦ ልጁን ከትምህርቱ ሳናስቀር ማን «ነጋ» እንደሚለው መወሰን። ቁርኣን በሚቀራበት መድረሳም ኡስታዙ የዕቅዱን ቅጂ ቢያገኝ፣ ልጁ ቀን የለመደውን አያያዝ ማታም ያገኛል።

ለምን ቤት ይኑር?

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በዘለቀው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መምህራን ቦታ ቀይረዋል፤ ቤተሰቦች ተፈናቅለዋል። ሌላው ልጅ ትምህርት ቤት ሲከፈት ካቆመበት ይቀጥል ይሆናል። የአካል ጉዳተኛውን ልጅ የሚያውቀው መምህር ከሄደ ግን ስለ እርሱ የታወቀው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አዲሱ መምህር ያችን ልጅ «ሰነፍ ናት» ሊላት ይችላል፤ ዓይኗ መሆኑን የሚነግረው የለምና። ወረቀቱ ቤት ካለ እናት ይዛው ትቀርባለች። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቢቆይም እህት አሥሩን ቃላት መጻፏን ትቀጥላለች።

ልጃቸውን «ሰው ምን ይለኛል» ብለው ቤት ያስቀመጡ ወላጆችም በየሰፈራችን አሉ። በጀመዓችን የምናውቃቸው ካሉ እንምከራቸው፤ ምዝገባ ሲመጣ አብረናቸው እንሂድ።

ልጆቻችሁን ያስመዘገባችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት የክፍል ኃላፊውን አግኙ። ዕቅድ ካለ ቅጂውን ጠይቁ። ከሌለ አንድ ገጽ ወረቀት ይዛችሁ፣ አራቱን ጥያቄዎች አብራችሁ መልሱ። ልጃችሁ የሚችለውን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

አላህ ያግራልን።