ርግቧ በዲስክ ስትተካ

እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኦሊምፒክ ሰሞን በተካሄደ የተኩስ ውድድር ዒላማው በሕይወት ያለ ርግብ ነበር። ወደ 300 የሚጠጉ ርግቦች አለቁ፤ 21 የጣለው ቤልጂየማዊ ሌዮን ደ ሉንደን አሸነፈ። ጭካኔው ሳያንስ ውድድሩ ፍትሐዊም አልነበረም። አንዷ ርግብ ቀጥ ብላ ስትበር ሌላዋ ድንገት ትታጠፋለች፤ አሸናፊውን ችሎታው ይርዳው ዕድሉ መለየት ያስቸግራል።

መፍትሔው ግን ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። አሜሪካውያን መጀመሪያ የመስታወት ኳስ እያስወነጨፉ ይተኩሱ ነበር፤ ሲሰበር ወፍ የተመታች እንዲመስል አንዳንዱን ላባ ይሞሉት ነበር። ኳስ ግን ወጥቶ ይወርዳል እንጂ አይንሳፈፍም። በ1880 የሲንሲናቲው ጆርጅ ሊጎውስኪ ጠፍጣፋ የሸክላ ዲስክ ፈለሰፈ። እየተሽከረከረ ስለሚወጣ ሚዛኑን ሳይስት ይበራል። የመጀመሪያዎቹ ዲስኮች ከመጠንከራቸው የተነሣ ተመትተውም የማይሰበሩበት ጊዜ ነበር። የዛሬዎቹ ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከሬንጅ መሰል ማጣበቂያ ይሠራሉ፤ ክብደታቸው 105 ግራም ብቻ ነው።

ስኪት የተባለው የውድድር ዓይነት የተወለደው በማሳቹሴትስ፣ አንዶቨር ነው። ቻርልስ ዴቪስና ጓደኞቹ በ1920 አካባቢ ክብ ሠርተው፣ ቦታ እየቀያየሩ ከየአቅጣጫው ይተኩሱ ነበር። ጎረቤት ዶሮ ማርባት ሲጀምር፣ እርሳሱ ወደዚያ እንዳይሄድ ክቡ በግማሽ ተቆረጠ፤ ሁለተኛ ማስወንጨፊያም በትይዩ ተተከለ።

ፈተናው የት ላይ ነው? ዲስኩ በሰከንድ 25 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከተኳሹ 20 ሜትር ርቆ በፊቱ አግድም ሲያልፍ፣ እርሳሱ እስኪደርስ ዲስኩ ከአንድ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ የሚተኮሰው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ከፊቱ ባለው ባዶ አየር ላይ ነው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ምርጥ ተኳሾች ዓይናቸውን ዲስኩ ላይ ፈጥነው ያሳርፉና ለረዥም ጊዜ ሳይነቅሉ ይከተሉታል፤ ጠመንጃቸውንም ከሌሎቹ ይልቅ በዝግታ ያንቀሳቅሳሉ።

ለሁሉም እኩል የሚበር ዒላማ የተኳሹን ብቃት ገልጦ ያሳያል። በ1992 ባርሴሎና ላይ፣ ወንዶችና ሴቶች አብረው በተወዳደሩበት ስኪት፣ ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን ከፍጻሜው በፊት 200 ዲስኮችን አንድም ሳትስት መታች፤ በድምሩ ከ225 ዲስክ 223 አግኝታ ወርቁን ወሰደች። በ1996 አትላንታ ላይ ግን ስኪት ለወንዶች ብቻ ሆነ፤ ሻምፒዮኗ ክብሯን የምታስጠብቅበት ውድድር አጣች። ይህ በደል ነበር፤ ዲስኩ የሚተኩሰውን ሰው ጾታ አይለይምና። የሴቶች ስኪት ኦሊምፒክ የገባው በ2000 ሲድኒ ላይ ነው።